ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ቅጠል ወይስ ፊኛ? የበዓል ማስጌጫ በእጃችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ

በዓል በመጣ ቁጥር ዲኮር መግዛት ኪስ ይጎዳል። በእጅ መሥራት ደግሞ ጊዜ ይበላል። ብዙ ሰው ግን የሚከስረው በዋጋውም በጊዜውም አይደለም፤ በዕቃ ምርጫው ነው። ሳሎን ውስጥ ያማረ ክሬፕ ወረቀት ደሴ ላይ በረንዳ ቢሰቀል ነፋሱ ከቀትር አያሳልፈውም። ደሴ ቀኑን ሙሉ ለምልሞ የሚውል ቄጤማ ኮምቦልቻ ላይ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቦታውን ስቶ ነው።

ምርጫው በወረቀት፣ በጨርቅ፣ በቅጠልና በአበባ፣ በስፌት ዕቃ እና በፊኛ መካከል ነው። ከወዲሁ ልናገርና እኔ ለጨርቅ አደላለሁ። ምክንያቴን እነግራችኋለሁ፤ ጨርቅ የማያዋጣበትንም እንዲሁ።

መጀመሪያ ወሩና ቦታው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርዱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ይህ ልዩነት ለማስጌጫም ትልቅ ነገር ነው። ደሴ ክረምት ላይ ዝናቡም ጉሙም ይበረታል። ወረቀት ዝናብ ባይነካው እንኳ እርጥበቱን ይጠጣና ይለሰልሳል፤ የተጣበቀውም ይላቀቃል። ኮምቦልቻ ደግሞ ፀሐይዋ ቀለም ታነጣለች፣ ቅጠል ታደርቃለች።

ከዚያ የበዓሉ ወር አለ። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ነው፤ ዝናቡ ገና ጓዙን ጠቅልሎ አልሄደም። ለመስቀል ሰማዩ ይጠራል። ገናና ጥምቀት በጋ ላይ ናቸው፤ ቀኑ ብራ፣ ሌሊቱ ውርጭ። ፋሲካ ግን አታላይ ነው። ወሎ ውስጥ በልግ ስለሚዘንብ፣ ሚያዝያ ላይ በረንዳውን ያስጌጠ ሰው ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነው የሚውለው። የሙስሊሙ በዓላት ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ይመጣሉ። በ2017 ዓ.ም. መውሊድ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ውሎ ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ ሳምንት ያህል ሲቀረው። እንግዲህ ለሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት መውሊድን ክረምት ውስጥ ነው የምናገኘው። ለመውሊድ ደጅ የሚሰቀል ነገር ከወረቀት አይሠራም፤ በቃ።

ስለ ቦታው ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፦ ምን ላይ ነው የሚንጠለጠለው? ኖራ የተቀባ የጭቃ ግድግዳ ፕላስተር አይዝም። ይዞ ቢያድር እንኳ ሲነሳ ቀለሙን ገሽልጦ ነው። አከራይ ደግሞ ሚስማር አይወድም። ስለዚህ ከመጋረጃው ዘንግ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት፣ ወይም ከአንዱ መስኮት ፍርግርግ ወደ ሌላው፣ ሲባጎ ወጥሩ። ማስጌጫው በሙሉ ሲባጎው ላይ ይንጠለጠላል፤ ግድግዳውን የሚነካው የለም። ይህን ካደረጋችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ወረቀት፦ ለሳሎን፣ ለአንድ ሰሞን

ወረቀት በሁለት ነገር ወደር የለውም። ልጆች ይሠሩታል፤ በአንድ ማታም ያልቃል። ባለቀለም ወረቀት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 18 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እያደረጋችሁ ቆርጣችሁ ብትሰጧቸው፣ ገና ፊደል የሚቆጥሩ ሕፃናት እንኳ ቀለበት ለቀለበት እያያዙ ሰንሰለት ያወጣሉ። እናንተ ሽንኩርቱን ከትፋችሁ ሳትጨርሱ ሳሎኑን ይዞረዋል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉና ዋናው ነገር እነሱ በዓሉን እንዲያደምቁት ከሆነ ሌላ ማወዳደር አያስፈልግም። ወረቀት ውሰዱ።

አበባ ከፈለጋችሁ ክሬፕ ነው። ክሬፕ ስትገዙ ጥቅሉን ትንሽ ዘርግታችሁ እዩት። ሽብሽቡ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ወረቀቱ የሚለጠጠውም ሽብሽቡን አቋርጣችሁ ስትስቡት ነው። የአበባውን ቅጠሎች ስትቆርጡ ሽብሽቡ ከሥር ወደ ጫፍ ሽቅብ የሚሄድ ይሁን። ከዚያ በሁለት አውራ ጣታችሁ መሐሉን ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ቅጠሉ ጎድጎድ ይላል። ጫፉን እስክርቢቶ ላይ ጠቅልላችሁ ልቀቁት፤ ወደ ውጭ ይቀለበሳል። አምስት ስድስቱን በቀጭን ሽቦ ዙሪያ ደርድራችሁ በክር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ሽቦውን በአረንጓዴ ክሬፕ ጠቅልሉት። ሽብሽቡ አግድም ከሆነ ግን የቱንም ያህል ብትታገሉት ይቀደዳል እንጂ አይጎደጉድም። የሱቅ የሚመስል አበባና የልጅ ሥራ የሚመስል አበባ የሚለዩት በዚህች ብቻ ነው።

የክሬፕ ጣጣው ቀለሙ ነው። ውሃ ሲነካው ይለቃል። ቀይ ክሬፕ በር አናት ላይ ሰቅላችሁ ካፊያ ቢመታው፣ የሚያልፈው ሰው ነጭ ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል። ለበር፣ ለበረንዳ፣ ለድንኳን አይሆንም። ለቡናው ጠረጴዛም ጀበናው ከሚተንበት ራቅ አድርጉት።

ማጣበቂያውን በተመለከተ፣ ኮላ ለቀጭን ወረቀት ይሻላል። ለካርቶንና ለትልቅ ሥራ ግን አንድ እጅ ፉርኖ ዱቄት በአራት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ እስኪወፍር እያማሰላችሁ ብትቀቅሉት ጥሩ ሙጫ ይወጣዋል። ርካሽ ነው። ነገር ግን ቀጭን ወረቀትን ያጨማድዳል፤ ከበዓል በኋላ ካስቀመጣችሁት ደግሞ አይጥና በረሮ ይጠራል። በዱቄት የተጣበቀ ነገር ለዓመት አይቀመጥም።

ጨርቅ፦ አንዴ ተሠርቶ ለሁሉም በዓል

ጨርቅ ከወረቀት የሚበልጥበት ቀላል ምክንያት አለው። ታጥቦ ይመለሳል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ወሎ ውስጥ ነው የሚታየው። እዚህ በአንድ ግቢ የአንዱ ቤት በዓል የሌላውም በዓል ነው። ለዒድ የተጠራ ጎረቤት ለገና ይጠራል፤ የእንቁጣጣሹ ቡና ላይ የሚቀመጡት ሰዎች መውሊድ ላይ አብረው የነበሩት ናቸው። እንዲህ ባለ ግቢ ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ ማስጌጫ መሥራት ድካም ነው። አንድ የጋራ የጨርቅ መደብ ሠርቶ በየበዓሉ ትንሽ ነገር መለዋወጥ ይሻላል።

መደቡ ማለት ሲባጎ ላይ የተደረደሩ የሦስት ማዕዘን ጨርቆች ናቸው። ጨርቁን መግዛት አይጠበቅባችሁም። ደሴም ኮምቦልቻም በየበረንዳው ማሽን ዘርግተው የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ከማሽኑ ሥር ቁርጥራጩ ይከመራል። ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ «ጋሼ፣ ቁርጥራጩን አይጣሉት፤ እኔ እወስደዋለሁ» ካላችሁ በትንሽ ዋጋ ወይም በምርቃት ታገኙታላችሁ። ዋዜማ ላይ ግን አትሂዱ። ዋዜማ ላይ ልብስ ሰፊ ቀና ብሎም አያይም።

ከቁርጥራጩ ስትመርጡ የጥጡንና ሰው ሠራሹን ለዩ። ለበረንዳና ለበር ሰው ሠራሹ ያዋጣል። ቶሎ ይደርቃል፤ ቀለሙም ፀሐይን የበለጠ ይችላል። ጉድለቱ ጫፉ በቀላሉ መተርተሩና እሳት አጠገብ መቅለጡ ነው። ለሳሎን ጥጡ ያምራል። አያብረቀርቅም፣ ሲንጠለጠል ረጋ ብሎ ይወርዳል። ዝናብ ከነካው ግን ከብዶ ሲባጎውን ወደ መሐል ያረግበዋል።

ልኩን እንዲህ ያዙት። ከካርቶን አንድ ሞዴል ቁረጡ፤ ላዩ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር። ከላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉለት፤ እሱ ሲባጎው ላይ ታጥፎ ይሰፋል። በሁለቱ መካከል አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ከተዋችሁ ለአምስት ሜትር 20 ሦስት ማዕዘን ይበቃል። ከሲባጎው ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ለማሰሪያ ይቅር። ማሽን ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። በእጅ መርፌ ከሆነ ሁለት ሦስት ማታ ይፈልጋል፤ ቡና እየተጠጣ፣ ወሬ እየተወራ። ስቴፕለር የሚያምራችሁ ካላችሁ ተዉት። በክረምት ይዝጋል፤ ዝገቱም ጨርቁ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል።

የሚለዋወጡት ነገሮች በመርፌ ቁልፍ ይያዛሉ። ለእንቁጣጣሽ ቢጫ የጨርቅ አበባ፣ ለመውሊድና ለዒድ ጨረቃና አረንጓዴ ጥብጣብ፣ ለገና ኮከብ። ፊደል የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ቁራጭ ላይ አድርጉት። «እንኳን አደረሳችሁ» አሥር ፊደል ነው። በእሱ ላይ «ስ» እና «ላ»ን ብቻ ብትጨምሩ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይወጣችኋል። በ12 ቁራጭ የዓመት በዓሉንም፣ የምርቃቱንም፣ የሰርጉንም ጨረሳችሁ። ዓመተ ምሕረት ግን አትጻፉ። «እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ» የሚል ቆንጆ ጨርቅ በ2019 የወለል መወልወያ ነው የሚሆነው።

ጨርቅ የት አይሆንም? ምድጃና ከሰል አጠገብ አይሆንም። የዕጣን ጭስ ይጠጣና ለወራት ይሸታል (አንዳንዱ ይወደዋል፣ እሱን አልከራከርም)። ነገ በዓል ሆኖ ዛሬ ማታ የምትጀምሩ ከሆነም አይሆንም። የመጀመሪያው ዓመት ድካሙ ከወረቀት ይበልጣል፤ የሚካሰው ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። በየዓመቱ ቀለምና መልክ መቀየር ለሚወድ ሰው ደግሞ ጨርቅ ይሰለቻል።

ቄጤማ፣ አደይና ጥድ

ያለ ቄጤማ በዓል በዓል አይመስልም። ሙያ አይጠይቅም፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ሽታው ብቻውን ቤቱን ይለውጣል። እዚህ ላይ የማወዳድረው ቄጤማን ከሌላ ነገር ጋር ሳይሆን ወለልን ከወለል ጋር ነው። በአፈርና በሲሚንቶ ወለል ላይ ያለ ሐሳብ ጎዝጉዙ። ሴራሚክ ላይ ግን እርጥብ ቄጤማ ያንሸራትታል፤ አዛውንት የሚመጡበት ቤት ከሆነ መተላለፊያውን ባዶ ትታችሁ በረከቦቱ ዙሪያ ብቻ አድርጉት። ምንጣፍ ካለ መጀመሪያ ምንጣፉን ጠቅልሉት፤ አረንጓዴው ከገባ በቀላሉ አይለቅም። ኮምቦልቻ የምትኖሩ ጠዋት ገዝታችሁ በእርጥብ ማዳበሪያ ሸፍናችሁ ጥላ ሥር አቆዩትና፣ ቡናው ሊቆላ ሲል ጎዝጉዙት። የደሴ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ከማለዳ ጀምሮ ቢጎዘጎዝም ይቆያል።

አደይ አበባ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ከክሬፕ አበባ ጋር ይወዳደራል። በዋጋና በመዓዛ አደይ ያሸንፋል፤ በዕድሜ ክሬፕ። የአደይን ዕድሜ የሚወስነው የሚቆረጥበት ሰዓት ነው። ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ተቆርጦ ወዲያው ውሃ ውስጥ ከገባ ጥቂት ቀን ይከርማል። ቀትር ላይ ተቆርጦ በእጅ ሲዞር የዋለ ግን ማታውን አንገቱን ይደፋል። ከልጆች እጅ እቅፍ ስትገዙ ግንዱን ነካ አድርጉት። ለስለስ ካለ ውሃ ጠምቶታል፤ ጫፉን እንደገና ቆርጣችሁ፣ ውሃ ውስጥ የሚገቡትን ቅጠሎች አራግፋችሁ፣ ጥላ ሥር ብታቆሙት አብዛኛው ይነሳል። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ።

ለገና ጥድ የሚቆርጡ አሉ። እዚህ ላይ አቋሜ ጠንከር ይላል። ሙሉ ዛፍ ለጥቂት ቀን ሳሎን ለማቆም መቁረጥ አያስፈልግም። ደሴና ኮምቦልቻ አጠገብ ካለው የጎፍ ደን ጥድ ለማንሳትማ ማሰብም አይገባም። ግቢው ውስጥ ጥድ ያለው ዘመድ ካላችሁ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ይበቃል፤ እርጥብ አሸዋ በሞላ ባልዲ አቁሙት። ጥድ ሲደርቅ እሳት በጣም ይወዳል። ከሻማ ጋር አንድ ጥግ ላይ አይቀመጥ።

ከጥዱ የምመርጠው የእንጨት ዛፍ ነው። ሰባት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ፈልጉ። የታችኛው 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ እያንዳንዱ 12 ሴንቲ ሜትር እያነሰ ይሂድ፤ 78፣ 66፣ 54፣ 42፣ 30፣ የላይኛው 18። በመካከላቸው 15 ሴንቲ ሜትር እየተዋችሁ ግራና ቀኝ ጫፋቸውን በሲባጎ እሰሩ። አንድ ሚስማር ላይ ሲሰቀል የዛፍ ቅርጽ ይይዛል። ቦታ አይፈጅም፣ አይረግፍም። ሲያልቅ እንጨቶቹን ሰብስባችሁ እንደ ችቦ አስራችሁ ከአልጋ ሥር ትከቱታላችሁ። ልጆች እንጨቱ ላይ የፈለጉትን ያንጠለጥላሉ።

ቤት ውስጥ ያለው ስፌትና መንገድ ዳር ያለው ፍሬ

ስንደዶና አለላ ገዝቶ ለበዓል ማስጌጫ ስፌት መጀመር የሚያስኬድ አይደለም። ስፌት የወራት ሥራ ነው፤ ዋዜማ አያውቅም። ይልቅ የተሰፋውን አውጡት። እናቶቻችን ቤት ከኮርኒስ ሥር የተሰቀሉ ሰፌዶች፣ ሙዳዮች፣ ክዳኑ ብቻ የቀረ መሶብ አይጠፋም። አቧራቸውን በደረቅ ብሩሽ አራግፋችሁ፣ ትልቁን መሐል፣ ትናንሾቹን ዙሪያውን አድርጋችሁ አንድ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ከሱቅ የተገዛ የትኛውም ዲኮር አጠገቡ አይደርስም። ወጪውም ዜሮ ነው። በፕላስተር አትለጥፉት፤ ይወድቃል። ከጀርባው ክር አስገብታችሁ ሚስማር ላይ አንጠልጥሉት።

ደሴ ዙሪያ ሌላ ነፃ ዕቃ አለ፤ የባሕር ዛፍ ፍሬ። የነጩ ባሕር ዛፍ ፍሬ አውራ ጣት ጥፍር ያክላል፤ ላዩ አመድማ፣ አናቷ ላይ ኮከብ የሚመስል ስንጥቅ አላት። እርጥብ ሳለች በወስፌ ትበሳለች። ከደረቀች ግን ወስፌውን ራሱን ትሰብረዋለች። በሳምንት ቀድማችሁ በስታችሁ፣ ክር ላይ ሰክታችሁ፣ ጥላ ውስጥ ስቀሏት። ሽታዋ አለ፣ ክብደቷ ቀላል ነው፣ ለዓመታት አትበላሽም። ኮምቦልቻ ላይ የሚበዛው ቀዩ ባሕር ዛፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ለዚህ አይመችም፤ ደሴ የሚመላለስ ሰው አስመጡ።

የጨው ሊጥ

ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ አንድ ስኒ ያህል ውሃ። ለውሳችሁ፣ ዳምጣችሁ፣ በኮከብና በጨረቃ ቅርጽ ቆርጣችሁ፣ ቀዳዳ አበጅታችሁ ታደርቁታላችሁ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ጥሩ ይወጣዋል። ደሴ በክረምት አትሞክሩት፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ የደረቀው ራሱ ተመልሶ ይለሰልሳል። ሌላም ነገር አለ። ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ቤት ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ «ኧረ ተዪ ልጄ፣ በእህል አይጫወቱም» በሚል ይቆማል። ዱቄት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ደግሞ እውነታቸውን ነው።

ፊኛ

ለልጅ ልደት ፊኛ ያስፈልጋል፤ ልጅ ያለ ፊኛ ልደት አያውቅም። ከዚያ ውጭ አልመክርም። አንዴ ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ ፀሐይ ሲነካው ይፈነዳል። ኮምቦልቻ ነፍታችሁ ደሴ የምታመጡ ከሆነ ጢም አታድርጉት። ከፍታው ሲጨምር የውጭው አየር ይሳሳል፤ ፊኛው ወጠር ይላል። ከመውጣት መውረድ ይሻለዋል። ያልተነፋውንና የፈነዳውን ቁራጭ ደግሞ ከሕፃናት አፍ አርቁ፤ ጉሮሮ ይዘጋል።

መብራት

ባለገመድ አምፑል ከሻማ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ብዙ ማወዳደር የለም። ችግሩ መብራት ሲሄድ ነው። ለዚያ ጊዜ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አሸዋ ጨምራችሁ ሻማ ብታቆሙበት ነፋስም አያጠፋው፣ ቢወድቅም አሸዋው ያፍነዋል። ጠርሙሱን በክሬፕ አትጠቅልሉት። ባለገመዱን አምፑል ደግሞ ምጣዱ ከተሰካበት ማከፋፈያ ጋር አትደርቡት።

ለየትኛው ድግስ የትኛው?

በዓሉ የልጆች ከሆነ፣ ልደትም ይሁን እንቁጣጣሽ፣ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። ቢበላሽም አይቆጭም። ለመውሊድና ለዒድ፣ በተለይ እንግዳው ከግቢ ውጭ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ጨርቅና ቄጤማ። ለገና የእንጨት ዛፉ ከባሕር ዛፍ ፍሬና ከጨርቅ ኮከብ ጋር። ለፋሲካ ከሁለት ወር ጾም በኋላ ሰው ዓይኑ ዶሮው ላይ ነው፤ ቄጤማና የሰፌዱ ግድግዳ ይበቃል።

ምርቃት ለብቻው ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ስላለው በምርቃት ሰሞን በሁለቱም ከተማ ቤት ሁሉ ድግስ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ዝናብ ወራት ላይ ይውላል። የተመራቂው ፎቶ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚሉት ፊደሎችና የጨርቁ መደብ አንድ ግድግዳ ላይ ይሁኑ፤ ሌላው ግድግዳ ባዶ ይቅር። ሰው ፎቶ የሚነሳው እዚያ አንድ ቦታ ላይ ነው። አራቱንም ግድግዳ ለማልበስ አትድከሙ።

ሰርግ ከሆነ ግን ራሳችሁን አታድክሙ። መቶና ሁለት መቶ ሰው የሚገባበት ድንኳን በቤት ሥራ አይሸፈንም፤ ቢሸፈንም የሙሽራዋ እህት እንቅልፍ አጥታ ነው። ዲኮሩን ለሚሠሩት ሰዎች ስጡና እናንተ የበሩን መግቢያና የሽማግሌዎቹን ጠረጴዛ ያዙ። አበባውን፣ ሰፌዱን፣ ሙዳዩን እዚያ ላይ አድርጉት። ሰው ቀርቦ የሚያየው እሱን ነው።

ዋዜማ ላይ ሆናችሁ ምንም ያልሠራችሁም አብሽሩ። ሁለት እስር ቄጤማ፣ አንድ እቅፍ አበባ፣ ከእናታችሁ ቤት ሦስት ሰፌድ። አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ከበዓል ማግስት

ጨርቁን አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ሲባጎው እንዳይወሳሰብ ካርቶን ላይ ጠቅልሉት። መርፌ ቁልፎቹን ለብቻ ቆርኪ ያለው ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ፤ ጨርቁ ላይ ከተዋችኋቸው ዝገታቸውን ጥለው ይሄዳሉ። ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አታስቀምጡ፤ ደሴ ላይ ክረምቱን ሲወጣ ሻግቶ ታገኙታላችሁ። አሮጌ ትራስ ልብስ ይሻላል፤ አየር ያስገባል። የባሕር ዛፉን ፍሬ እዚያው ከጨርቁ ጋር ጨምሩት። ክሬፕ አበቦቹን ማቆየት ከፈለጋችሁ ካርቶን ውስጥ፣ ከላያቸው ምንም ሳትጭኑ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ። ጎረቤት ጨርቁን ለመዋስ ሲመጣ ፊደሎቹን ቆጥራችሁ ስጡ። ሁሌ የምትጠፋው «ኳ» ናት።